አንዱን ማርሚታ ሁለት ማድረግ፦ ከድምፁ በፊት መታሰብ ያለበት

አጎቴ እ.ኤ.አ. የ1966 ፎርድ ሙስታንግ አላቸው። ሲገዟት የጭስ ማውጫዋ አንድ ነበር፤ እሳቸው ግን ከወጣትነታቸው ጀምሮ የተመኙት በሁለት በኩል የምታጓራዋን ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ጋራዥ ወስደው ሁለት አስደረጓት። ድምፁ እውነትም ደስ ይላል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ራሳቸውን ያማቸው ጀመር። ነድተው ሲመለሱ ያማቸዋል፣ ማታ ቤት አረፍ ሲሉ ይተዋቸዋል። “ቡና ስላልጠጣሁ ነው” አሉ። እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝና የኦክስጅን መለኪያዬን ጣታቸው ላይ አድርጌ አየሁ። 98 በመቶ። “ጋሼ፣ ምንም የለብዎትም” አልኳቸው። ተሳስቼ ነበር።

በማኅበራችን ውስጥ አሮጌ መኪና የሚወዱ፣ ወይም እንደኔ የሚወድ ዘመድ ያላቸው እንዳሉ አውቃለሁ። ስለዚህ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚያስገኝና የት ላይ እንደሚበላሽ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል፦ የጭስ ማውጫ የመጀመሪያ ሥራው መርዙን ከተሳፋሪው አርቆ ማውጣት ነው። ጉልበቱም ድምፁም ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ሞተሩ እንዴት ይተነፍሳል?

የአጎቴ መኪና ሞተር 289 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 4.7 ሊትር ገደማ የሆነ ቪ8 ነው። ስምንቱ ሲሊንደሮች አራት አራት ሆነው በግራና በቀኝ ተደርድረዋል። በየጎኑ ማኒፎልድ የሚባል ብረት አለ፤ ከአራቱ ሲሊንደሮች የሚወጣውን የተቃጠለ ጋዝ ሰብስቦ ወደ ቱቦ ያስገባል። ስለዚህ ጋዙ ከሞተሩ ሲወጣ ድሮውንም በሁለት መንገድ ነው የሚወጣው። ነጠላ በሆነው አሠራር ሁለቱ ቱቦዎች ከሥር ተገናኝተው አንድ ይሆኑና በአንድ ማርሚታ አልፈው በአንድ የጅራት ቱቦ ይወጣሉ። ማርሚታ አጎቴ የሚሉት እኛ ልጆቹ ሙፍለር የምንለውን፣ ድምፅ የሚያፍነውን ሣጥን ነው። ሁለት ማድረግ ማለት መገናኛውን አንስቶ እያንዳንዱን ጎን በራሱ ቱቦና በራሱ ማርሚታ እስከ መኪናው ጀርባ ማድረስ ነው።

ጥቅሙን ለመረዳት ሳንባን ማሰብ ይበቃል። ትንፋሹን አሟጦ ማስወጣት ያቃተው በሽተኛ አዲስ አየር ማስገባትም ያቅተዋል፤ ቦታው በአሮጌው አየር ተይዟልና። ሞተርም በከፍተኛ ፍጥነት ሲዞር ጋዙ በጠባብ ቱቦ ከታፈነ የተወሰነው ሲሊንደሩ ውስጥ ይቀራል፤ ለአዲሱ አየርና ቤንዚን የሚተርፈው ቦታ ያንሳል።

“ሞተር ትንሽ መታፈን ይወዳል” የሚሉ ሰዎች ያጋጥሟችኋል። መታፈንን የሚወድ ሞተር የለም። የሚፈለገው የጋዙ ፍጥነት ነው፤ በፍጥነት የሚሄድ ጋዝ ከኋላው ያለውን ስቦ ያወጣል። ቱቦው ከልክ በላይ ሲሰፋ ያ ፍጥነት ይቀንሳል፤ በዝቅተኛ ዙር ላይ መኪናው የደከመ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ምን ያህል ስፋት ይበቃል?

ቱቦ የሚሸጠው በዲያሜትር ነው፤ ጋዙን የሚያሳልፈው ግን የአፉ ስፋት ነው። የብረቱን ውፍረት ሳንቆጥር ባለ 2 ኢንች ቱቦ 3.14 ካሬ ኢንች አፍ አለው። 2 ከሩብ ሲሆን 3.98 ይደርሳል፤ እንዲህ ያሉ ሁለት ቱቦዎች አንድ ላይ ወደ 8 ካሬ ኢንች ይጠጋሉ። ይህ ከአንድ ባለ 3 ኢንች ቱቦ ይበልጣል፤ የእሱ 7.07 ብቻ ነውና። ስለዚህ ላልተነካካ 289 ሞተር ሁለት ባለ 2 ወይም ባለ 2 ከሩብ ኢንች ቱቦ በቂ ነው። ቱቦው ሲታጠፍ እንዳይጨማደድ ማየትም ያስፈልጋል፤ የተጨማደደ መታጠፊያ የከፈላችሁበትን ስፋት ይበላዋል።

ፎርድ ራሱ በ1966 ጂቲ ለሚባለው ሙስታንግ ሁለት የጭስ ማውጫ ይሠራ ስለነበር በዚያው ቅርጽ የታጠፉ ቱቦዎችና መስቀያዎች ዛሬም ተሠርተው ይሸጣሉ። ለዚህ መኪና አዲስ መንገድ መፍጠር አያስፈልግም።

በሁለቱ ቱቦዎች መካከል አንድ አገናኝ ቱቦ ቢበየድ ይመረጣል። ከላይ ሲታይ የእንግሊዝኛውን ኤች ፊደል ይመስላል። ምክንያቱ የሲሊንደሮቹ ተራ ነው። 289 የሚቀጣጠለው በ1-5-4-2-6-3-7-8 ቅደም ተከተል ነው። በፎርድ አቆጣጠር ከ1 እስከ 4 ያሉት በቀኝ፣ ከ5 እስከ 8 ያሉት በግራ ናቸው። ተራውን ብትከተሉት 4 እና 2 በቀኝ በኩል፣ 7 እና 8 ደግሞ በግራ በኩል ተከታትለው ሲተነፍሱ ታያላችሁ። በዚያች ቅጽበት አንዱ ቱቦ ሲጨናነቅ ሌላው ክፍት ነው። አገናኙ ግፊቱን ያካፍላል፤ ድምፁንም ከመንኮሻኮሽ ያለሰልሰዋል።

ጉልበትን በተመለከተ ብዙ አትጠብቁ። በዚያ ዓመት ባለ ሁለት ጉሮሮ ካርቡራተሩ 289 ሞተር 200 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ አራት ጉሮሮው ደግሞ 225 ተብሎ ተመዝግቧል። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ካርቡራተሩም የሲሊንደሩ እመቃም ይለያያሉ። ማርሚታ ብቻ ቀይሮ 25 ፈረስ የሚያመጣ የለም። ልዩነቱ የሚታወቀው ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሠራ ነው፤ ከተማ ውስጥ ስትነዱ በአብዛኛው የምታገኙት ድምፁን ነው።

የተበላሸው የት ላይ ነበር?

የጅራት ቱቦዎቹ ከኋላ አክስል በላይ ተጥመዝምዘው በባሌስትራዎቹና በቤንዚን ታንኩ መካከል ያልፋሉ። ቦታው ጠባብ ነው። መኪናው በአካሉ ተይዞ ወደ ላይ ሲነሳ አክስሉ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ በቱቦውና በአክስሉ መካከል ሰፊ ክፍተት ያለ ይመስላል። መኪናው መሬት ላይ ሲያርፍ፣ ሰው ሲጫንበት፣ ጉብታ ሲዘል ግን አክስሉ ወደ ላይ ይመጣል። የአጎቴ መኪና ቱቦ የተበየደው አክስሉ እንደተንጠለጠለ ነበር። ልጆቻቸውን ከኋላ ጭነው ጉብታ በዘለሉ ቁጥር አክስሉ ቱቦውን መታው፤ በመጨረሻም ብየዳው ተሰነጠቀ።

ከስንጥቁ የወጣው ጋዝ በዕቃ መጫኛው በኩል ገባ። የበሩ ጎማ ደርቋል፤ ወለሉም በዝገት የተበሳሳ ነበር። በዚህ መኪና ላይ ዕቃ መጫኛውን ከኋላ መቀመጫ የሚለየው ደግሞ ካርቶን መሰል ቀጭን ሰሌዳ ነው።

መለኪያዋ ለምን ዋሸችኝ?

ካርበራተር ያለው አሮጌ ሞተር ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ጣት ላይ የምትደረገው መለኪያ ቀይና ከቀይ በታች ያለ ብርሃን አሳልፋ ሄሞግሎቢኑ “ተጭኗል ወይስ ባዶ ነው” የሚለውን ነው የምታነበው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የጫነውን ኦክስጅን ከጫነው ለይታ አታውቅም። ሰውየው እየታፈነ 98 ታሳያለች።

ይህን ክፍል ውስጥ የተማርኩት አጎቴን “ምንም የለብዎትም” ካልኳቸው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። እንደወጣሁ ደወልኩላቸው። ገና ከመኪናው መውረዳቸው ነበር፤ ራሳቸውን እያመማቸው ነው። ድንገተኛ ክፍል ሄድንና ደማቸው ተመረመረ፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከፍ ብሎ ተገኘ። ኦክስጅን በጭምብል ተሰጣቸው። በተራ አየር ይህ ጋዝ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በንጹህ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ማታ ማታ ራስ ምታቱ የሚተዋቸው ለዚህ ነበር። እኔን ያስደነገጠኝ ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ነገር ነው። እነሱም ተመረመሩ፤ ደግነቱ በዚያ ሳምንት አልተሳፈሩም ነበር።

እንዴት ይፈተሻል?

ሁለተኛው ጋራዥ የጅራት ቱቦዎቹን በአዲስ ሲቀይር እኔም ቆሜ አየሁ። ከዚያ የያዝኳቸው ነጥቦች እነዚህ ናቸው፦

አንደኛ፣ የመጨረሻው ብየዳ ከመበየዱ በፊት የመኪናው ክብደት በጎማዎቹ ላይ ይረፍ። አክስሉ ወደ ላይ ሲመጣ የሚደርስበት ቦታ ተለክቶ ይተውለት። ቱቦው ከፍሬን ቱቦ፣ ከቤንዚን መስመርና ከእጅ ፍሬን ገመድ ይራቅ።

ሁለተኛ፣ መስቀያዎቹ ጎማ ያላቸው ይሁኑ፤ የሚታሰሩትም ጠንካራ ብረት ላይ እንጂ ስስ ላሜራ ላይ አይሁን። ሞተሩ ሲነሳ ይወዛወዛል፤ ቱቦው አብሮት መወዛወዝ ካልቻለ ይሰነጠቃል።

ሦስተኛ፣ የጅራት ቱቦዎቹ አፍ ከመኪናው አካል ውጭ ይድረስ። ከመኪናው ሥር የሚያበቃ ቱቦ ጋዙን ለወለሉ ቀዳዳዎች ያስረክባል።

አራተኛ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በጅራቱ ቱቦ በኩል አየር እየተነፋ መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ የሳሙና ውሃ ይቀቡ። አረፋ የሚሠራበት ቦታ ያፈሳል። በማኒፎልዱ በኩል ያለው ጓርኒሲዮንም አይዘለል።

አምስተኛ፣ የወለሉ ቀዳዳዎች ይደፈኑ፣ የዕቃ መጫኛው በር ጎማ ይቀየር፣ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም መኪናው ውስጥ ይቀመጥ። ጋራዥ ውስጥ በሩን ዘግቶ ሞተር ማስነሳት በማናቸውም መኪና ክልክል ነው።

ስለ ዝገትም ልጨምር። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ጋዙ ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ቱቦ ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፤ ውሃው ማርሚታው ውስጥ ይቀራል። ሁለት ማርሚታ ያላት መኪና አምስት ደቂቃ ተነድታ ከምትቆም ጥሩ አድርጎ እስኪያሞቃት ብትነዳ ይሻላታል።

በሕግ በኩል፣ ጭስ የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር በአሜሪካ መኪኖች ላይ በስፋት የመጣው ከ1975 ሞዴል ጀምሮ ነው፤ የ1966ቷ ድሮውንም የላትም። ያለውን መኪና ግን እሱን አውጥቶ በባዶ ቱቦ መተካት በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። የድምፅ ገደብ ደግሞ ከግዛት ግዛት ይለያያልና ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ።

አጎቴ ዛሬም ይነዷታል፤ በየወሩም የሳሙና ውሃ ይዘን ከሥሯ እንገባለን። እናንተም አሮጌ መኪና ውስጥ ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ካጥወለወላችሁ ወይም ካዞራችሁ ጥግ ይዛችሁ ቁሙና ውረዱ፣ ከዚያም ሌላ ሰው ሐኪም ዘንድ ያድርሳችሁ። እዚያ ስትደርሱ ነርሷን አስቀድማችሁ “መኪና ውስጥ ነበርኩ” በሏት። ጣታችሁ ላይ የምታየው ቁጥር ይህን አይነግራትም።