«ደረቅ፣ ፀሐያማና ነፋሻማ»፡- የበጋው ትንበያ ለደጋው ማሳ ምን ይላል?

ክረምቱ ወጥቶ መኸር ሲቃረብ ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚወጣው የበጋ ወቅት ትንበያ ለክልላችን የሚለው ነገር ከዓመት ዓመት ብዙም አይለዋወጥም። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት አራት ወራት በአብዛኛው ደረቅ፣ ፀሐያማና ነፋሻማ የአየር ሁኔታ ይጠበቃል፤ የሌሊቱና የማለዳው ቅዝቃዜም በደጋው ይጠናከራል። አባባሉ ስለተለመደ ብዙዎቻችን «ዝናብ የለም ማለት ነው» ብለን እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ ይኸው አባባል ሰብሉን ለሚያጭደው ምሥራች፣ ሰብሉ ገና አበባ ላይ ላለው ደግሞ ስጋት ነው።

ሰሜን ሸዋን እንውሰድ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ደብረ ሲናን ተሻግሮ የሚገኘው ሸዋ ሮቢት ግን 1 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ነው። ወደ ላይ በየ100 ሜትሩ በአማካይ 0 ነጥብ 6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ስለሚቀንስ በሁለቱ መካከል የ9 ዲግሪ ልዩነት አለ ማለት ነው። የቀወት አርሶ አደር በቀሚስ በሸሚዝ ሽንኩርቱን ውኃ በሚያጠጣበት ማለዳ፣ የባሶናና የመንዝ አርሶ አደር ሣሩ ላይ አመዳይ ተነጥፎ ያገኛል። ዞኑ አንድ፣ ትንበያውም አንድ ነው።

ቅዝቃዜው ከየት ይመጣል? ሌሊቱ ስለረዘመ ነው የሚሉ አሉ። በእኛ አካባቢ ግን የታኅሣሥ ሌሊት ከ12 ሰዓት ቢበልጥ በግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ዋናው ምክንያት የሰማዩ ጥራትና የአየሩ ድርቀት ነው። ዝናብ ሰጪው ሥርዓት ወደ ደቡብ ሲሸሽ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ቦታውን ይይዛል። መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ትለቃለች። በክረምት ደመናው እንደ ጋቢ ሸፍኖ ሙቀቱን ያስቀርላታል፤ በበጋ ግን የሚሸፍናት ስለሌለ ሙቀቱ ያመልጣል። ቀን ላብ ያስጠመቀው ፀሐይ ማታ በቁር የሚተካው ለዚህ ነው። አባቶች «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉትም ያለ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳት ነገር አለ። ነፋስና ውርጭ አብረው የሚመጡ ይመስላል፤ ሁለቱም ይቀዘቅዛሉና። በእርግጥ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲነፍስ ያደረ ነፋስ ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ከታችኛው ጋር ስለሚያደባልቀው ማሳውን ከውርጭ ይታደገዋል። የሚያስፈራው ቀን ሲነፍስ ውሎ ማታ ጸጥ ያለ ሌሊት ነው። ያን ጊዜ ቀዝቃዛው አየር ከባድ በመሆኑ እንደ ውኃ ከተዳፋቱ ወደ ረባዳው ይወርድና እዚያው ይተኛል። የአንድ አርሶ አደር የተዳፋት ማሳ ተርፎ ከሥር ያለው የሜዳ ማሳ የሚጠቁረው በዚህ ነው። የኅዳር 12 ምሽት ቆሻሻ ሲቃጠል ጭሱ ወደ ላይ ከመሄድ ይልቅ በቤቶች ጣሪያ ላይ ተዘርግቶ የሚታየውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ምሽት ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ቆሞ፣ የጎረቤት ጭስ ዝቅ ብሎ ከተንሳፈፈ ሌሊቱ መልካም አይደለም። ቅዝቃዜው የሚበረታው ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ነው።

ሌላው ነገር የቁጥሩ አነባበብ ነው። በሬዲዮ የምንሰማው ዝቅተኛ የሙቀት መጠን የሚለካው ከመሬት ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ባለ የጥላ ሣጥን ውስጥ ነው። ጸጥ ባለ ሌሊት መሬት አጠገብ ያለው ቅጠል ከዚያ 3 ዲግሪና ከዚያም በላይ ዝቅ ሊል ይችላል። እናም ጣቢያው 3 ዲግሪ ሲል ማሳው ዜሮ ደርሶ ሊሆን ይችላል። «ከዜሮ በታች አልተባለም» ብሎ መተኛት አያዋጣም።

ሰብሎች ውርጭን የሚቋቋሙት እኩል አይደለም። ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ካሮት ይችሉታል። ድንች ግን ከዜሮ 1 ወይም 2 ዲግሪ ዝቅ ሲል ቅጠሉ ይጠቁራል። ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር አበባ ወይም ለጋ ቆባ ላይ ሳሉ ከተመቱ ምርቱ አብሮ ይሄዳል። ገብስና ስንዴ ቡቃያ ሳሉ ጠንካራ ናቸው፤ ዛላ ሲያወጡ ግን ይለሰልሳሉ። የተመታ ዛላ ነጥቶ ይቆማል፣ ሲያሹት ፍሬ የለውም። ይህን የሚያየው ባለማሳ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ከሳምንት በኋላ ነው። በሞረትና ጅሩ ዓይነት ጥቁር አፈር ባላቸው አካባቢዎች ውኃውን በመደብና በቦይ አንጠፍፎ ቀድሞ መዝራት ከሚሰጠው ጥቅም አንዱ ሰብሉ የኅዳርና የታኅሣሥ ቁር ሳይደርስበት እንዲጎመራ ማስቻሉ ነው። ዘንድሮ ዘግይቶ ለዘራ ግን ይህ ምክር አልፎበታል።

በእጅ ያለውን ለማዳን ግን የሚሠራ አለ። መስኖ ያለው አርሶ አደር ውርጭ ከሚጠበቅበት ሌሊት በፊት ቀን ላይ ማሳውን ቢያጠጣ እርጥብ አፈር ከደረቁ የበለጠ ሙቀት ይይዝና ሌሊት ይለቃል። የችግኝ መደብን ማታ በሣር ወይም በጭድ ከላይ መሸፈንና ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ማንሳት ይረዳል። ጉዝጓዙ ከችግኙ ሥር፣ አፈሩ ላይ ብቻ ከሆነ ግን የአፈሩን ሙቀት አፍኖ ጉዳቱን ያብሳል። ጭስ ማጨስን በተመለከተ፣ ጥቅም ካለው ሙቀቱ ነው እንጂ ጭሱ አይደለም፤ ደረቅ ክምር ባለበት መንደር ደግሞ ጥቅሙ ከአደጋው አይበልጥም። የድንች ማሳ ተመቶ ካደረም በማግሥቱ መንቀል አያስፈልግም፤ ከግንዱ ሥር ሊያቆጠቁጥ ስለሚችል ጥቂት ቀናት መጠበቅ ይበጃል። የመስኖ ድንች ለመትከል የሚያስብ የደጋ አርሶ አደር ተከላውን ብርቱው ቅዝቃዜ እስኪያልፍ ቢያቆየው አይጎዳም።

ነፋሱስ? በአውድማ ላይ ወዳጅ ነው። ያለ እርሱ መንሽና ላይዳ ምን ይሠራሉ! ደረቁ አየርም እህሉ ጎተራ ከመግባቱ በፊት እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ እንዲወርድ ያግዛል፤ ነቀዝና ሻጋታ የሚጠሉት ይህንን ነው። በመተማ ቆላ ግን ይኸው ድርቀት የሰሊጡን ቆባ ይከፍተዋልና ማዘግየት ፍሬውን መሬት ላይ መበተን ነው። 7 ሺህ ሄክታር ያህል ለማልማት በተሠራው የቆጋ መስኖና በመሳሰሉት የበጋ ስንዴ ማሳዎችም ነፋስ ሲበረታ አፈሩ ቶሎ ስለሚደርቅ የማጠጫው ቀን መቀራረብ አለበት። ጸረ ተባይ የሚረጭም ሰው ነፋሱ ገና ሳይነሳ በማለዳ ቢጨርስ ይመረጣል።

የመንዝ በግ ባናና በርኖስ የሚሠራበት ጠጉር ስላለው ቁሩን ይችላል፤ ገና የተወለደ ግልገል ግን አይችልም። ግልገሉን ቶሎ ማድረቅ፣ እንገሩን ወዲያው ማጥባትና ነፋስ በማይገባበት ጥግ ማሳደር ያስፈልጋል። ጠጉር መሸለትም ከእነዚህ ወራት ቢወጣ ይሻላል።

ደረቅ ተብሎ የተተነበየ በጋም ዝናብ አይነካውም ማለት አይደለም። በ1990 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር፣ የኤልኒኖ ዓመት ነበረና፣ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ በብዙ የሀገሪቱ አካባቢዎች የደረሰ ሰብል አበላሽቷል። የአራት ወሩ ትንበያ አቅጣጫ ያሳያል እንጂ የትኛው ሳምንት እንደሚዘንብ አይናገርም። ለዚያ የኢንስቲትዩቱን የ10 ቀናት መረጃ ከቀበሌው የልማት ሠራተኛ ጠይቆ መስማት ነው። ነዶው ከታሰረ ደግሞ ክምሩን ከፍ ባለ የድንጋይ መደብ ላይ አቁሞ፣ ጫፉን አሹሎ መክደን፤ ዙሪያውንም ሣሩን አጽድቶ ከእሳት መለየት ነው።