ሉፐስ እያለብኝ መውለድ እችላለሁ?

ከሰበታም ከሱሉልታም በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ይኸው ነው። የምትጠይቁኝ ሉፐስ ያለብኝና የወለድኩ የቡራዩ ሴት ስለሆንኩ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ በክትትል የተማርኩትን ግን ላካፍላችሁ። አብዛኞቻችን መውለድ እንችላለን፤ ጊዜውን ከሐኪም ጋር መምረጥ ግን ግድ ነው።

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው። ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ሴቶች ናቸው፤ ያውም በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ። ፀሐይ ሲነካው የሚብሰው የፊት ሽፍታ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ሲታሽበት፣ የመገጣጠሚያው ሕመም «ቁርጥማት ነው» ተብሎ ሲታለፍ፣ በሽታው ኩላሊት ሊደርስ ይችላል። ቢያንስ 6 ወር ረግቶላት፣ ኩላሊቷም ግፊቷም ደህና ሆኖ ያረገዘች ብዙ ጊዜ በሰላም ትገላገላለች። በሽታው በተነሳበት ወቅት ያረገዘች ግን ለእርግዝና ደም ግፊት፣ ለጽንስ መጨንገፍና ያለቀኑ ለመውለድ ይበልጥ ትጋለጣለች።

«እርጉዝ ኪኒን አትውሰድ» የሚለው የጎረቤት ምክር እኛን ይጎዳናል። ሜቶትሬክሴትና ማይኮፌኖሌት ጽንስን ስለሚጎዱ ከማርገዝ በፊት በሐኪም ትእዛዝ ይቀየራሉ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ግን በእርግዝናም በማጥባትም ይቀጥላል፤ ማቋረጡ ነው በሽታውን የሚቀሰቅሰው።

ከማርገዛችሁ በፊት ሁለት የደም ምርመራዎችን ጠይቁ። አንደኛው አንቲፎስፎሊፒድ ይባላል። ይህ አንቲቦዲ ደም እንዲረጋ ስለሚያደርግ የእንግዴ ልጁን የደም ዝውውር ያውካል፤ ጽንስ እየደጋገመ የሚጨነግፍባት ሴት አንዱ ምክንያቷ እሱ ሊሆን ይችላል። መፍትሔ አለው፤ ሐኪም በትንሽ መጠን አስፕሪንና የሄፓሪን መርፌ ያዛል። ሁለተኛው አንቲ-ሮ ነው። እንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ጽንሱ ይገባል፤ ይህ አንቲቦዲ ካለባቸው 100 እናቶች በ2ቱ ገደማ የጽንሱን የልብ ምት የሚመራውን መስመር ይጎዳል። ይህም በአብዛኛው ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር ስለሚከሰት የልብ አልትራሳውንድ የሚታዘዘው በዚያን ጊዜ ነው። ሕፃኑ ላይ የሚወጣው ሽፍታ አንቲቦዲው ከደሙ ሲወጣ በወራት ውስጥ ይጠፋል፤ የልቡ ጉዳት ግን ይቀራል።

ከተሞቻችን በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ቢባሉም ለስፔሻሊስት የምንሄደው አሁንም አዲስ አበባ ነው፤ የቡራዩና የሱሉልታ ሰው ጳውሎስ ይቀርበዋል፣ የሰበታው በአየር ጤና በኩል ጥቁር አንበሳ ይዘልቃል። የእርግዝና ክትትሉ ደግሞ ሰፈር ባለው ጤና ጣቢያ ነው። ስለዚህ አንዱ ሐኪም ሌላው የጻፈውን አያይም። የእግር እብጠት፣ ግፊትና የሽንት ፕሮቲን ከእርግዝና ደም ግፊትም ከተነሳ ሉፐስም ሊመጡ ይችላሉ፤ ሕክምናቸው ግን ይለያያል። ጤና ጣቢያ በመጀመሪያው ቀን «ሉፐስ አለብኝ» በሉ፤ የመድኃኒቶቻችሁን ስምና የመጨረሻውን የላብራቶሪ ውጤት በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ፤ ሪፈርም በጊዜ አጽፉ።

ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታትም በሽታው ሊነሳ ይችላል። አራስ ቤት ድካሙም የመገጣጠሚያ ሕመሙም «የወሊድ ነው» ስለሚባል ቤተሰብ አይጠረጥርም። የሉፐስ ቀጠሯችሁ አርባው ወይም ሰማንያው እስኪደርስ አይጠብቅ፤ ሕፃኑን የሚይዝላችሁን ሰው ከመውለዳችሁ በፊት አዘጋጁ።