የተሰነጠቀ የእንጀራ ምድጃ እንዴት ይጠገናል?



እንደሚታወቀው በአገራችን የብዙ ቤተሰብ ኑሮ በእንጀራ ምድጃ ዙሪያ የቆመ ነው። በተለይም እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ልጆቿን ለምታሳድግ እናት ምድጃው የቤት ዕቃ ብቻ ሳይሆን የሥራ መሣሪያዋ ጭምር ነው። ይሁን እንጂ ምድጃው ሲሰነጠቅ ብዙዎቻችን «ገና ይሠራል» እያልን እንተወዋለን። በስንጥቁ በኩል ግን ሙቀቱ ይባክናል፤ ጢሱም ወደ ቤት ይገባል። ምጣዱ የሚያርፍበት ጠርዝ ከተፈረፈረ ደግሞ ምጣዱ ያዘነብላል፤ ሊሰበርም ይችላል።

ጢሱ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ስንጥቅ መድፈን ብቻውን ይህን ችግር አያስወግድም፤ በርና መስኮት መክፈትም ያስፈልጋል። ሆኖም ጥገናው ገንዘብ የማይጠይቅ የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

ሲሚንቶ ለምን አይሆንም?

እኛም በአንድ ወቅት በችኮላ ሲሚንቶና የወንዝ አሸዋ በጥብጠን የጭቃ ምድጃችንን ስንጥቅ ደፍነን ነበር። ጥቂት ጊዜ እንደተጋገረበት ልጥፉ ተላጦ እሳቱ ውስጥ ወደቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሲሚንቶና ጭቃ በእሳት ሙቀት እኩል አይለጠጡም፤ ተራ ሲሚንቶም በኃይለኛ ሙቀት ውስጡ ያለውን ውኃ እያጣ ይደክማል። «ምርጥ» የተባለው ምድጃስ ከሲሚንቶ አይሠራምን? የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። እርሱ ግን ሲሚንቶው ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ፣ በቅርጽ ማውጫ ተሠርቶና ውኃ እየጠጣ እንዲጠነክር ተደርጎ የሚዘጋጅ ነው። የክፍሎቹም መጋጠሚያ የሚደፈነው በጭቃ ነው። እንግዲህ ጭቃን በጭቃ መጠገን ተገቢ ነው።

ጭቃውን ማዘጋጀት

የሸክላ አፈር ከጠጠር ተለይቶ በወንፊት ይነፋና በውኃ ርሶ ያድራል። ብቻውን ከተለጠፈ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ይሰነጠቃል። ስለዚህ ደቃቅ አሸዋ ወይም የተሰበረ ምጣድ ገል ተወቅጦና ተነፍቶ ይጨመርበታል። ገሉ ቀድሞ በእሳት ያለፈ በመሆኑ ዳግም አይኮማተርም።

መጠኑን ለማወቅ ሦስት ትንንሽ ቂጣዎችን ሠርቶ መፈተን ይበጃል። ለአንድ እጅ አፈር በመጀመሪያው አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት እጅ አሸዋ ወይም ገል ይደረጋል። በጥላ ሥር ከደረቁ በኋላ የተሰነጠቀው አፈር በዝቶበታል፤ በጣት ሲታሽ የሚፈረፈረው አሸዋ በዝቶበታል። ሳይሰነጠቅና ሳይፈረፈር የቀረው ይመረጣል።

የጥገናው ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ምድጃው አድሮ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። በአመዱ ሥር ፍም ሊኖር ስለሚችል ልጆች ይራቁ፤ አመዱን የሚጠርገውም ሰው አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍን።

ሁለተኛ፣ ግድግዳው በእንጨት ቀስ ተብሎ ይመታ። የጎደጎደ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ልስኑ የለቀቀ ነው። ግድግዳው ካዘመመ ወይም ሲነካ የሚነቃነቅ ከሆነ ግን ጉዳቱ ቀላል አይደለምና አፍርሶ እንዲሠራው ባለሙያ ይጠራ።

ሦስተኛ፣ የላላው ሁሉ በቢላዋ ተፍቆ ይውጣ። ስንጥቁ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ቢጠልቅ አዲሱ ጭቃ የሚይዝበት ያገኛል። አቧራው ተጠርጎ ቦታው በውኃ ይርጠብ፤ ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውኃ መጥጦ እንዳይጣበቅ ያደርገዋልና።

አራተኛ፣ ጭቃው ጠንከር ብሎ ተቦክቶ በጥቂት በጥቂቱ በአውራ ጣት እየተጫነ ይሞላ። ጥልቅ ስንጥቅ በሁለት ጊዜ ይደፈን። የማገዶ መክተቻውና የጢስ መውጫው እንዳይጠብቡ ጥንቃቄ ይደረግ፤ ከጠበቡ ጢሱ ተመልሶ በጋጋሪዋ ፊት ይወጣል።

አምስተኛ፣ ለጥቂት ቀናት በራሱ ይድረቅ። ገና እርጥበት ሳለው ጭረት ከታየበት በእርጥብ ጣት ይታሽ። ከደረቀ በኋላ በመጀመሪያው ቀን በጭራሮ ትንሽ እሳት፣ በማግስቱ ከፍ ያለ እሳት ይነደድበት፤ ከዚያ ይጋገርበት። በውስጡ የቀረው ውኃ በድንገት ከተነነ ልጥፉን ገፍቶ ይጥለዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ይህን ያህል ቀን መታገሡ ነው። እንጀራ ሸጣ ለምታድር እናት ምድጃ የማይነድበት ቀን ገቢ የሌለበት ቀን ነው። ስለሆነም ጎረቤት ምድጃውን ለእነዚያ ቀናት ቢያውሳት፣ ጎረምሳ ልጅም አፈሩን ቢያመጣላትና ቢያቦካላት ትልቅ እገዛ ነው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። የምድጃውን ስንጥቅ በጊዜው መድፈን ግን ማገዶ ይቆጥባል፤ የእናትንና የልጆችንም ዓይንና ሳንባ ከጢስ ይታደጋል። ስንጥቁ ገና ቀጭን ሳለ እንጀምር።