ለስላሳውና ድንጋያማው ኮራል በአንድ ገንዳ

ኮራል እንስሳ ነው። አንዴ ዐለት ላይ ከተጣበቀ በኋላ ግን ከቦታው ፈቅ አይልም። ጎረቤቱ እያደገ ሲጠጋው መሸሽ፣ ብርሃን ሲጋርድበት ዞር ማለት ስለማይችል ይዋጋል። የአውስትራሊያን ታላቁን ባሪየር ሪፍ ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ሥራ ለስላሳ ኮራሎችን ወስደው ከድንጋያማ ኮራሎች አጠገብ አስቀመጡና የሚሆነውን ተከታተሉ። ሁለቱ በተነካኩበት ቦታ የድንጋያማው ሥጋ ሞተ። ሳይነካኩ ተቀራርበው በተቀመጡበትም ጉዳት ታየ። ለስላሳው ኮራል ወደ ውኃው የሚለቀው ኬሚካል ጎረቤቱ ጋ ይደርሳል ማለት ነው።

በቤቱ የባሕር አኳሪየም ለማቋቋም የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ደግ ነው። ብዙዎች ሁለቱንም ዓይነት ይፈልጋሉና። ከወራጁ ውኃ ጋር የሚወዛወዘው ለስላሳ ኮራልና ቅርንጫፍ እያወጣ የሚያድገው ድንጋያማ ኮራል አንድ ላይ ሲታዩ ገንዳው እውነተኛ ሪፍ፣ ማለትም በባሕር ውስጥ ያለ የኮራል ዐለት፣ ይመስላል። አብረው ሊኖሩም ይችላሉ። እንዲኖሩ የሚያደርጋቸው ግን ጠባቂው ነው።

ልዩነታቸው ከአካላቸው ይጀምራል። ድንጋያማው ኮራል ካልሲየምና ካርቦኔት ከባሕሩ እየወሰደ አራጎናይት በሚባል ማዕድን ጠንካራ አጽም ይሠራል። ኮራሉን የሚሠሩት ጥቃቅን እንስሳት ፖሊፕ ይባላሉ፤ የድንጋያማው ፖሊፖች ክንዶች ብዙውን ጊዜ በስድስት ብዜት ይቆጠራሉ። ለስላሳው አንድ ወጥ አጽም የለውም፤ ሥጋው ውስጥ ጥቃቅን የካልሲየም ስንጥሮች ተበትነዋል። እያንዳንዱ ፖሊፕ ስምንት ክንዶች አሉት፣ ክንዶቹም እንደ ላባ ጠርዛቸው የተተለተለ ነው። በገንዳ ከሚያዙት ከሁለቱም ወገን አብዛኞቹ ሥጋቸው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች አሏቸው፤ አልጌዎቹ በብርሃን ኃይል ከሚሠሩት ምግብ ትልቁ ድርሻ ለኮራሉ ይደርሰዋል።

የዚህ ዕውቀት አንዱ ምንጭ ለእኛ ቅርብ የሆነው ቀይ ባሕር ነው። ሄምፕሪክና ኤረንበርግ የተባሉት ሁለት ጀርመናውያን የተፈጥሮ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1820 ጀምሮ በግብፅና በቀይ ባሕር ዳርቻዎች ተዘዋወሩ። ሄምፕሪክ በ1825 ምጽዋ ላይ በትኩሳት ሞተ። ኤረንበርግ አገሩ ተመልሶ በ1834 ስለ ቀይ ባሕር ኮራሎች የጻፈውን አሳተመ። በዚያ ሥራ ስም ካገኙት አንዱ ዛሬ ሄትሮዜኒያ ፉሴሰንስ የሚባለው ለስላሳ ኮራል ነው። ፖሊፖቹ ክንዶቻቸውን ያለማቋረጥ ይዘረጋሉ፣ ይሰበስባሉ። ይህን የመሰለ እንቅስቃሴ ጉልበት ይፈጃልና ምን ይጠቅመዋል የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሳይመለስ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት መልስ ሰጠበት። እንቅስቃሴው በሥጋው ዙሪያ የሚጠራቀመውን ኦክስጅን ይገፋል፤ ኦክስጅኑ ሲርቅ አልጌዎቹ ምግብ የሚሠሩበት ፍጥነት ይጨምራል።

የለስላሳ ኮራሎች መርዝም በቀይ ባሕር ተጠንቷል። ሳርኮፊቶን የሚባለው እንጉዳይ የሚመስል ለስላሳ ኮራል የብዙ ጀማሪዎች የመጀመሪያ ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የእስራኤል ተመራማሪዎች ከቀይ ባሕር ሳርኮፊቶን ለይተው ያወጡት ሳርኮፊን የተባለ ንጥረ ነገር ዓሣን የሚመርዝ ሆኖ ተገኝቷል። ሳርኮፊን ቴርፔኖይድ ከሚባሉት ኬሚካሎች ወገን ነው። ለስላሳ ኮራሎች እነዚህን የሚሠሩት ከሚበላቸው ዓሣ ለመዳንና ቦታ ለማስለቀቅ ነው፤ የሚከላከል አጽም የላቸውምና መሣሪያቸው ይኸው ነው።

ድንጋያማው ግን ባዶ እጁን አይደለም። ጁዲት ላንግ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጃማይካ ላይ እንዳሳየችው፣ አንዳንድ ድንጋያማ ኮራሎች ምግብ የሚፈጩበትን የሆድ ክር ወደ ውጭ አውጥተው የጎረቤታቸውን ሥጋ ባለበት ይፈጩታል። ሌሎቹ ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት፣ ረጃጅም ተናዳፊ ክንዶች ይዘረጋሉ። ጋላክሲያ የሚባለው ኮራል ክንድ 30 ሳንቲሜትር ድረስ ሊሄድ ይችላል። ቀን ላይ ሲያዩት ጭምት መስሎ ይታያል፤ መብራቱ ጠፍቶ አንድ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ በቀይ ባትሪ ያየው ሰው ግን ኮራሎቹን አጠጋግቶ አያስቀምጥም።

እንግዲህ በባሕር ውስጥ እነዚህ ሁሉ በአንድ ዐለት ላይ የሚኖሩት እንዴት ነው? ባሕሩ ሰፊ ስለሆነ ነው። ለስላሳው የሚለቀውን መርዝ ማዕበሉ ይወስደዋል፣ ያ ውኃም ተመልሶ አይመጣም። በ200 ሊትር ገንዳ ግን ያው ውኃ በሰዓት ብዙ ጊዜ በፓምፑ እየዞረ ወደነዚያው ኮራሎች ይመለሳል። ዛሬ የተለቀቀው መርዝ ነገም እዚያው ነው። ስለዚህ የጠባቂው ሥራ በአጭሩ የባሕሩን ሥራ ተክቶ መሥራት ነው፤ ምክሮች ሁሉ የሚመነጩት ከዚህ ነው።

ዋናው መሣሪያ አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለው ልዩ ከሰል ነው። ውኃው በውስጡ ሲያልፍ ቴርፔኖይዶችን ይዞ ያስቀራል። ሲሞላ መያዙን ስለሚያቆም በየሁለት እስከ አራት ሳምንት መለወጥ አለበት። ሁለቱን ዓይነት ለማደባለቅ ለሚፈልግ ሰው ካርቦን አማራጭ ነው የሚሉትን አልቀበልም፤ ዓመቱን ሙሉ መሥራት ያለበት ነገር ነው። ፕሮቲን ስኪመር አረፋ እየሠራ ቆሻሻውን ሲያወጣ ያግዛል። በየሳምንቱ ከገንዳው ውኃ አሥር በመቶ ያህሉን መለወጥም የተጠራቀመውን ያቀልላል። አዲሱ ውኃ ከቧንቧ በቀጥታ አይቀዳም፤ በማጣሪያ ክሎሪኑና ብረቱ ከወጣ በኋላ የባሕር ጨው ይሟሟበታል። ሲተን የሚጎድለው ግን ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ ይሞላል፣ የሚተነው ውኃው ብቻ ነውና።

ቀጥሎ የቦታ ጉዳይ ነው። የውኃው ፍሰት መጀመሪያ ድንጋያማዎቹን አልፎ ወደ ለስላሳዎቹ እንዲሄድ አድርጉ፤ በተቃራኒው ከሆነ መርዙን በቀጥታ ወደ ደካማው ትነዱታላችሁ። ብርሃንና ብርቱ ፍሰት የሚወደው አክሮፖራ የሚባለው ድንጋያማ ኮራል ከላይ፣ ለስላሳዎቹ ዝቅ ብለው ይቀመጡ። በመካከላቸው ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ክፍተት ይኑር፤ እንደ ጋላክሲያ ክንዱ ረጅም ከሆነ ግን ከ30 ሳንቲሜትር ይበልጥ። የዛሬው ቁራጭ ስታዩት ትንሽ ቢሆንም፣ ሳርኮፊቶን ሲያድግ ስፋቱ ከግማሽ ሜትር ሊበልጥ እንደሚችል አስቡ። ሄትሮዜኒያና የቅርብ ዘመዱ ዜኒያ ደግሞ ዐለቱን እየተሳቡ ስለሚይዙ፣ ከዋናው ክምር ተነጥሎ አሸዋ ላይ በቆመ ዐለት ቢተከሉ ይሻላል።

ውኃው ለሁለቱም የሚስማማ መሆን አለበት፤ ችግር ሲነሣ የሚጎዳው ድንጋያማው ስለሆነ መለኪያው ለእሱ ይወጣል። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ፣ ጨዋማነቱ በሺህ 35 ገደማ፣ ካልሲየሙ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም፣ ማግኒዝየሙ 1300 አካባቢ፣ አልካሊኒቲው፣ ማለትም ውኃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ፣ ዲኬኤች በሚባለው መለኪያ ከ7 እስከ 9 ቢሆን ጥሩ ነው። ከቁጥሩም በላይ አለመዋዠቁ ይበልጣል። አልካሊኒቲው 7.5 ሆኖ ወራት የዘለቀ ገንዳ፣ ዛሬ 7 ነገ 10 ከሚሆነው እጅግ የተሻለ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ፍርዴን ልናገር። ለጀማሪ ከ200 ሊትር በታች በሆነ ገንዳ አክሮፖራንና ትልልቅ ለስላሳ ኮራሎችን ማደባለቅ አይመከርም። በለስላሳዎቹ ጀምሮ፣ ገንዳው ዓመት ያህል ከቆየና ውኃው ከረጋ በኋላ ትልልቅ ፖሊፕ ካላቸው ድንጋያማዎች ጠንካሮቹን ማስገባት የተሻለ መንገድ ነው። አክሮፖራ በመጨረሻ ይምጣ።

ድንጋያማው ፖሊፑን መዘርጋት ካቆመ፣ የቅርንጫፉ ጫፍ ማደግ ከተወ፣ ሥጋው ከሥሩ መላጥ ከጀመረ ወዲያው ለስላሳውን አትክሰሱ። አስቀድማችሁ አልካሊኒቲውንና ሙቀቱን ለኩ፤ እነዚህ ደህና ከሆኑ ካርቦኑን ለውጡ፣ ውኃ ቀይሩ። ሳርኮፊቶን አልፎ አልፎ ተኮማትሮ ቀናት ከቆየ በኋላ ሰም የመሰለ ስስ ቆዳ ይገፋል፤ በሽታ አይደለም። ቆዳው ሌላ ኮራል ላይ እንዳያርፍ ግን ፍሰቱን ጨምሩና ሲላቀቅ አውጡት። ለስላሳ ኮራል መቁረጥ ካስፈለገም በገንዳው ውስጥ አይቆረጥም። በጨው ውኃ በተሞላ ባልዲ ተቆርጦ፣ ልጋጉ ታጥቦ ይመለሳል።

ለጠባቂው ሕይወት የሚያሰጋ ነገርም አለ። ብዙ ጊዜ ከለስላሳዎቹ ጋር የሚሸጡት፣ በዘር ግን ከሁለቱም ወገን ያልሆኑት የፓሊቶዋና የዞአንተስ ዓይነቶች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል መርዝ ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሃዋይ ላይ ተለይቶ የታወቀው ይህ መርዝ በተፈጥሮ ከሚገኙት እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። እነዚህ ኮራሎች ያሉበትን ዐለት ለማጽዳት ብለው በቤታቸው ያፈሉ ወይም በፍል ውኃ የፈተጉ ሰዎች ከነቤተሰባቸው ሆስፒታል የገቡበት ጊዜ አለ፤ መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሳንባ ስለሚገባ ነው። ዐለት አታፍሉ። ኮራል ስትነኩ ጓንት፣ ስትቆርጡ የዓይን መከላከያ አድርጉ፤ እጃችሁ ቁስል ካለበት ሥራውን ለሌላ ቀን ተዉት። ከሠራችሁ በኋላ ትኩሳት፣ የመተንፈስ ችግር ወይም የጡንቻ ሕመም ከተሰማችሁ ቶሎ ወደ ሐኪም ሂዱና ምን እንደነካችሁ ተናገሩ።

በእስራኤል የምትኖሩ ወይም የመጓዝ ዕድል ያላችሁ፣ ኤላት ባለው የባሕር ውስጥ መመልከቻ ክፍል መስኮት አጠገብ ቆማችሁ ኮራሎቹ በመካከላቸው የሚተዉትን ክፍተት ተመልከቱ። ገንዳችሁን ስታደራጁ ይጠቅማችኋል። ድንጋያማ ኮራሎች በሙሉ ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስላሉ ያለ ፈቃድ ከአገር አገር አይዘዋወሩም። ስትገዙም ሻጩን ኮራሉ ከባሕር የተነቀለ ነው ወይስ በገንዳ የተራባ ብላችሁ ጠይቁ፤ በገንዳ የተራባውን ምረጡ። የገንዳ ሕይወት የለመደ ነው፣ ከቀይ ባሕርም ከሌላ ሪፍም የተነቀለ አይደለም።