የሶደሬ ሁለቱ ብርቱካናማ ቢራቢሮዎች

ወደ ሶደሬ የሚጓዝ ሰው ሐሳቡ የሚያርፈው በፍል ውኃው፣ ምግብ ለመንጠቅ በሚያደቡት ጦጣዎችና በአዋሽ ዳር በቆሙት ታላላቅ ዛፎች ላይ ነው። ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ የመዝናኛ ሥፍራ ለሥነ ሕይወት ተማሪ ግን ሌላም ሀብት አለው። ደረቁ የግራር ምድር፣ የወንዝ ዳር ደንና በሰው እጅ የተተከሉ አበቦች በአጭር የእግር መንገድ ውስጥ ስለሚገናኙ በልዩ ልዩ ዕፅዋት ላይ የሚኖሩ ቢራቢሮዎችን በአንድ ማለዳ ለመመልከት ያመቻል። ሁሉንም ለመዘርዘር ቦታ አይበቃንም። እዚህ የምንመለከተው አንድ የሚመስሉ፣ ግን ሁለት የሆኑትን ነው።

የመጀመሪያው በሳይንሳዊ ስሙ ዳናውስ ክሪሲፐስ ይባላል። ክንፉ ብርቱካናማ ሲሆን፣ የፊት ክንፉ ጫፍ ጥቁር ሆኖ በነጭ ነጠብጣቦች ያጌጠ ነው። በረራው ዝግ ያለ ነው፤ ጠላት የሌለው ይመስል ይንሳፈፋል። ለዚህ ድፍረቱ ምክንያት አለው። እጩ፣ ማለትም በጥቁር፣ በነጭና በቢጫ ቀለበቶች የተዥጎረጎረው ትል፣ የሚመገበው ሲቆረጡ ነጭ ወተት የሚያፈሱ ዕፅዋትን ነው። በስምጥ ሸለቆ በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው፣ ሰፋፊ ግራጫማ ቅጠል ያለው ጦቢያ ከእነዚህ አንዱ ነው። ወተቱ የልብን ምት የሚያውኩ መርዞች አሉት። እጩ ከእነዚህ መርዞች የተወሰነውን በሰውነቱ ያከማቻል፤ ክንፍ ካወጣም በኋላ አብረውት ይቆያሉ። አንድ ጊዜ የቀመሰው ወፍ ያስታውከዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያንን ቀለም ሲያይ ይሸሻል።

ሁለተኛው ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ ነው። እጩ መርዝ የሌላቸውን፣ እንደ ፖርቱላካ ያሉ መሬት ለመሬት የሚንሰራፉ ለስላሳ ዕፅዋት ይመገባል። ስለዚህ ለወፍ መልካም ምግብ ነው። ሆኖም የሴቷ ክንፍ የዳናውስን ቀለም ለብሷል! እንግሊዛዊው ሄንሪ ዋልተር ቤትስ እ.ኤ.አ. በ1862 በአማዞን ደን ያያቸውን ቢራቢሮዎች መሠረት አድርጎ ያብራራው የማስመሰል ሥርዓት ይኸው ነው። ወፉ ከመርዛሙ የተማረውን ትምህርት አስመሳይዋ በነፃ ትጠቀምበታለች።

ወንዱስ? ወንዱ ጨርሶ ሌላ ፍጥረት ይመስላል። ከፋይ የመሰለ ጥቁር ክንፍ ላይ ስድስት ታላላቅ ነጭ ክቦች አሉት፤ ጠርዛቸውም በፀሐይ ብርሃን ሐምራዊ ይሆናል። ሴቷ ብቻ የምታስመስለው ለምንድን ነው? የቤትስ ጓደኛ አልፍሬድ ራስል ዋላስ እንቁላል የተሸከመችው ሴት ከባድና ዘገምተኛ በመሆኗ ከወንዱ ይልቅ ጥበቃ ያሻታል ብሎ ነበር። ሌሎች ደግሞ ወንዱ የጥንት መልኩን የያዘው ሴቷና ተቀናቃኞቹ እንዲያውቁት ነው ይላሉ። በእኛ አስተያየት ሁለቱ ማብራሪያዎች አይጣሉም።

እንግዲህ ብርቱካናማዎቹን በምን እንለያቸው? የፊት ክንፉን ትታችሁ የኋላውን ተመልከቱ። ዳናውስ በኋላ ክንፉ መካከል ሦስት ጥቁር ነጥቦች አሉት፤ ወንዱ አራተኛ፣ ተለቅ ያለች ነጥብ ይጨምራል፤ ይህቺ ሴቷን የሚማርክበት ሽታ ከረጢት ናት። የሂፖሊምናስ ሴት ያላት አንድ ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው፤ እርሱም በኋላ ክንፏ የላይኛው ጠርዝ አጠገብ ይገኛል። የክንፏ ዳርም ይበልጥ የተቆራረጠ ነው። መረብ አያስፈልግም። ቢራቢሮ የሰውነቱን ሙቀት ከፀሐይ ስለሚያገኝ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ክንፉን ዘርግቶ ሲሞቅ ቀስ ብሎ ቀርቦ በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ይበቃል። ዝናቡ ካለፈ በኋላ ያሉት መስከረምና ጥቅምት ምቹ ወራት ናቸው። የአዳማ ነዋሪ ደግሞ በግቢው ካለው የሎሚ ወይም የብርቱካን ዛፍ ቢጀምር የወፍ ኩስ የሚመስል ትል ሊያገኝ ይችላል። እርሱ የፓፒልዮ ዴሞዶከስ እጭ ነው፤ ሲነኩት ከራሱ ጀርባ ቀይማ ባላ አውጥቶ መጥፎ ሽታ ይለቃል።

ወደ ሁለቱ እንመለስ። መለየቱ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማታለሉ የሚሠራው አስመሳይዋ ከመርዛሙ ያነሰች እስከሆነች ድረስ ነው። አስመሳይዋ ከበዛች ወፎቹ ብርቱካናማው ቢራቢሮ እንደሚበላ ይማራሉ፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ዝርያዎች ይጎዳሉ። ስለዚህ ጦቢያው በተመነጠረበትና ባልተመነጠረበት ሥፍራ የሁለቱን ቁጥር ማነጻጸር ለተማሪ የሚሆን እውነተኛ ጥናት ነው። ሁለቱን አደባልቆ የቆጠረ ግን ምንም አልቆጠረም።

ሥራውን የሚያከብድ ሌላ ነገርም አለ። በምሥራቅ አፍሪካ የዳናውስ አንዱ መልክ የክንፍ ጫፉ ጥቁር ያልሆነ፣ መላው ብርቱካናማ የሆነ ነው። ሂፖሊምናስም ይህንኑ የምትመስል መልክ አላት! የኋላ ክንፍ ነጥቦች ግን በዚህም መልክ አይለወጡም። የወንዱን አራተኛ ነጥብም ለይታችሁ መዝግቡ። በናይሮቢ አካባቢ በተደረጉ ጥናቶች፣ ስፓይሮፕላዝማ የተባለ ባክቴርያ ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፈ የዳናውስን ወንድ ልጆች ገና እንቁላል ውስጥ ሳሉ እንደሚገድልና በአንዳንድ ወቅት ሴቶች እጅግ በዝተው እንደሚገኙ ታውቋል። በሶደሬ አንድ መቶ ዳናውስ ቆጥሮ አራት ነጥብ ያላቸው ስንት እንደሆኑ ለመጻፍ ደብተርና እርሳስ ይበቃል።