ድርና ማግ በቀለበት ላይ

ቀለበት ትንሽ ዕቃ ናት፤ ሆኖም ለሠርግ ከሚገዛው ሁሉ ይልቅ ዕድሜ ልክ ከሰው ጋር የምትኖረው እርስዋ ናት። ስለዚህ ከሙሽሮች መካከል የተዘጋጀውን ከመግዛት ይልቅ በልካቸውና በምርጫቸው ማሠራትን የሚወዱ አሉ። በዓለም ላይ ከሚመረጡት ቅርፆች አንዱም ኬልቲክ የተባለው ነው።

ኬልቶች የጥንት አውሮፓ ሕዝቦች ሲሆኑ፣ ከቋንቋቸው የመነጩት ልሳኖች እስከ ዛሬ በአየርላንድ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ይነገራሉ። ጥበባቸው የሚታወቀው መነሻና መድረሻ በሌለው፣ እርስ በርሱ በተጠላለፈ ሐረግ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ800 ዓ. ም. ገደማ የተጻፈውና ዛሬ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የሚገኘው የኬልስ ወንጌል በዚሁ ሐረግ የተሸለመ ነው።

ይህ ጌጥ ለኢትዮጵያዊ ዓይን እንግዳ አይደለም። የብራና መጻሕፍታችን የሚያጌጡበት ሐረግና በመስቀሎቻችን ላይ የሚታየው ጥልፍልፍ ለዚሁ ዘመድ ይመስላሉ። የጨንቻ ሰው ደግሞ ነገሩን በሸማ ያውቀዋል። በጨንቻና በጎረቤትዋ በዶርዜ ሴቱ ይፈትላል፣ ወንዱ ይሸምናል፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ ዱንጉዛም የአካባቢው መታወቂያ ነው። አንዱ ክር ከላይ ሲያልፍ ሌላው ከሥር ይገባል፤ የኬልቲክ ቀለበትም ሕግ ከዚህ የተለየ አይደለም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ቀለበት ማሠራት የፈለገ ሰው በመጀመሪያ ልኩን ይወቅ። ቀጭን ወረቀት በጣቱ ላይ ጠምጥሞ፣ የተገናኘበትን ምልክት አድርጎ በማስመሪያ ይለካ። ነገር ግን ብርድ ጣትን ያሳንሳል፣ ሙቀት ያሳብጣል። ጨንቻ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳም አገር ስትሆን፣ 37 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው አርባ ምንጭ ግን ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ያለች ቆላ ናት። በጨንቻ የማለዳ ውርጭ የተለካ ቀለበት አርባ ምንጭ ሲወርዱ ሊያጣብቅ ይችላልና፣ በተለያየ ሰዓት ደጋግሞ መለካት ይበጃል።

ቀጥሎ የሐረጉ ቁጥር ይታሰባል። የጣቱ ዙሪያ 57 ሚሊ ሜትር፣ የቀለበቱ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የውጭው ዙሪያ ወደ 70 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በዚህ ላይ ሁለት ክሮች 10 ጊዜ እንዲተላለፉ ቢፈለግ ለእያንዳንዱ መተላለፊያ 7 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። እዚህ ላይ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ቁጥሩ ሙሉ ከሆነ ክሮቹ ሁለት እንደሆኑ ይቀራሉ፤ ግን አይላቀቁም። ጎዶሎ ከሆነ፣ ለምሳሌ 11 ቢሆን፣ ሁለት የመሰሉት ክሮች ዞረው ሲገጥሙ አንድ ክር ሆነው ይገኛሉ። የተጠራጠረ በሁለት ገመድ ይሞክረው። ሙሽሮችም «ሁለት ሆነን እንተሳሰር» ወይም «አንድ እንሁን» ብለው ሊመርጡ ይችላሉ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው የአንጥረኛው ነው። ቅርፁን በሰም ይቀርፃል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በባዶው ሥፍራ የቀለጠ ብር ይፈስበታል። ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ንጹሕ ብር ለስላሳ ስለሆነ ከ1,000 እጅ 75ቱን መዳብ ማድረግ የተለመደ ነው። የቀድሞ አንጥረኞቻችን 1780 የሚል ዓመት ያለበትን የማርያ ቴሬዛ ብር እያቀለጡ የአንገት መስቀልና ጌጥ ይሠሩ ነበር። ዙሪያውን ሐረግ ያለበት ቀለበት ግን ቢጠብ ለማስፋት ቢቆረጥ ሐረጉ ይበላሻልና፣ ልኩ አስቀድሞ ይጣራ።

ሌላም ሊታሰብ የሚገባው ብርቱ ጉዳይ አለ። በጋሞ የጥንት ልማድ ባለመሬቱ ወገን ማላ ሲባል፣ ሸክላ ሠሪው ማና፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ ደጋላ ተብለው ተለይተው ነበር። እነዚህ ከመሬት ባለቤትነትም ከማላ ጋር ከመጋባትም የተከለከሉ ነበሩ። ሸማኔው ክርን ከክር ስላጋባ ሲከበር፣ ማረሻና ቢላዋ የሚሰጠው ቀጥቃጭ ግን ተናቀ። በሌላውም የአገራችን ክፍል አንጥረኛው «ጠይብ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ፤ በ1967 ዓ. ም. የወጣውም የገጠር መሬት አዋጅ ያለ ልዩነት ለሚያርስ ሁሉ መሬትን ፈቀደ። ከጋብቻ ማራቁ ግን እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልጠፋም።

ታዲያ እሳት ፊት ተቀምጦ የሠራው ሰው ቀለበቱ የጋብቻ ማሰሪያ ሲሆን፣ ልጁ ለጋብቻ የማይታጭ መሆኑ እንዴት ያለ ፍርድ ነው? ሥራን ወዶ ሠሪን መናቅ ድሩን ይዞ ማጉን እንደ መጣል ነው። ስለዚህ ቀለበት የሚያሠራ ሰው የሐረጉን ቁጥር ሲመርጥ የሠሪውንም ስም ይጠይቅ፤ ዋጋውን ሳያጓድል ይክፈል፤ በሠርጉም ቀን ከተከበሩት እንግዶች ጋር በአንድ ማዕድ ያስቀምጠው። ልጆቻቸው ቢፈላለጉም አይከልክል።