አትንኩኝ፤ የቤተ እስራኤል የንጽሕና ሥርዐት በሰሜንና በወገራ

ከጐንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ይደርሳል፤ ከዚያም በሊማሊሞ ወደ ቈላው ይወርዳል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ፣ በወገራ ደጋና በሰሜን ተራራ ግርጌ፣ ቤተ እስራኤል እስከ ሃያኛው ምዕት ዓመት ማለቂያ ድረስ ይኖሩ ነበር። ጎረቤቶቻቸው «ፈላሻ» ይሏቸው ነበር፤ እነርሱ ግን ይህን ስም አይወዱትም። ከሥርዐታቸው የወጣ ሌላ ቅጽልም ነበራቸው፤ ይኸውም «አትንኩኝ» የሚለው ነው።

የሥርዐቱ መሠረት ኦሪት ነው። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 እንደ ተጻፈው፣ ወንድ የወለደች ሴት 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ከመንደሩ ተለይታ ትቈያለች፤ የመጀመሪያውን 7 ወይም 14 ቀን በመርገም ጎጆ፣ የቀረውን በአራስ ጎጆ ታሳልፋለች። የወር አበባ ያየችም 7 ቀን በመርገም ጎጆ ተቀምጣ፣ በመጨረሻው ቀን ወንዝ ወርዳ ገላዋንና ልብሷን አጥባ ፀሓይ ስትጠልቅ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ጎጆው ከመንደሩ ዳር ሆኖ በድንጋይ ዙሪያው ይታጠራል፤ ምግብ የምታመጣላት ሰው ከድንጋዩ ወዲህ አኑራላት ትሄዳለች እንጂ አትሻገርም። መርገም የሚለው ቃል ከባድ ነው፤ ሆኖም በኋላ ዘመን ለተመራማሪዎች የተናገሩ ብዙ ሴቶች ጎጆውን ከወፍጮና ከእንስራ የሚያርፉበት፣ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ የሚጫወቱበት ስፍራ አድርገው ያስታውሱታል። ሬሳ የነካ ሰውም እንዲሁ 7 ቀን ይለያል። ለዚህ ሁሉ ውሃ ስለሚያስፈልግ መንደሮቻቸውን ከወንዝ አጠገብ ይመሠርቱ ነበር፤ ጎረቤትም «ውሃ ውሃ ይሸታሉ» ይላቸው እንደ ነበር ይነገራል።

ከእምነታቸው ውጭ ያለውን ሰው አለመንካት ግን በኦሪት እንዲህ ተዘርዝሮ አልተጻፈም፤ ይህ በአገሩ ኑሮ የበቀለ ነው። እንደ ትውፊቱ ዐፄ ይሥሐቅ በ15ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ያልተጠመቀ ርስት አይውረስ ብለው ዐወጁ። የሰሜን ቤተ እስራኤል መሳፍንትም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ድል ሆነው ግዛታቸው ጠፋ። ርስት የሌለው ሕዝብ በሰው መሬት እያረሰ፣ ብረት እየቀጠቀጠ፣ ሸክላ እየሠራ፣ ሸማ እየሸመነ ሲኖር፣ ማረሻና ድስት የሚገዛው ጎረቤቱ በየቀኑ ደጁን ይረግጣል። መራቅ የማይቻል በመሆኑ ርቀቱ በክንድ ይለካ ጀመር። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም፤ በመሬት ላይ ወይም ውሃ ባለበት ዕቃ ውስጥ ይጣላል። ከገበያ የተመለሰ ሰው ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም። ክርስቲያን ወዳጅ ለሠርግ ቢጠራቸው በግና እህል ይሰጣቸዋል፤ ራሳቸው አርደው፣ ራሳቸው አብስለው ለብቻቸው ይበላሉ። ጠሪውም በዚህ አይቀየምም ነበር፤ የእነርሱን ሥጋ እርሱም አይበላምና። ደግሞም ጎረቤቱ ባለ እጁን ቡዳ ነው ብሎ ይፈራዋል። እንግዲህ አጥሩ ከሁለት ወገን የታጠረ ነበር፤ ቅጽሉ ግን ለአንደኛው ብቻ መውጣቱ አያስገርምም።

ከሁሉ የጠበቁት መነኮሳቱ ናቸው። ትውፊት ምንኵስናቸውንና ይህን ሥርዐት አባ ጽብራ ከሚባል፣ ከክርስትና ወደ እነርሱ ከገባ መነኵሴ ያደርሰዋል። መነኵሴ የገዛ ወገኑን ምእመን እንኳ አያስነካም፤ ምግቡን ራሱ ያበስላል። በሰሜን ምናጣ በተባለው ስፍራ በቅርብ ዓመታት የተደረገ ጥናት የመነኮሳቱ መኖሪያ ከምእመናኑ ተለይቶ በካብ ተከቦ እንደ ነበር አሳይቷል። በ1860 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ስተርን ከመጣ ወዲህ የፕሮቴስታንት ሚሲዮን ወደ አገሩ ሲገባ ክርክሩን የገጠሙት በተለይ እነዚህ መነኮሳት ናቸው። ከሌላ እምነት የተመለሰውንም ራሱን ላጭተው፣ 7 ቀን ለይተው፣ ሽምብራ እያበሉ ያነጹት ነበር። ነገር ግን ከ1888 እስከ 1892 እ.ኤ.አ. የደረሰው ክፉ ቀን ገዳማቱን እጅግ አዳከማቸው፤ ከጣልያን ወረራ በኋላም በትምህርት ቤትና በመንገድ ምክንያት «አትንኩኝ» እየላላ ሄደ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ግን ከወዳጅ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ አይሁድነታቸውን አጸኑ፤ በ1984 እና በ1985 እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል ብዙ ሺህ ሰው ወደ እስራኤል ተወሰደ፤ በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ14,000 የሚበልጥ ሰው ባንድ ቀን ተኩል ተጓዘ። ታልሙድን ሳያውቁ የኖሩ ናቸው፤ በሰንበት ዋዜማ እሳትን ሁሉ ያጠፉ ነበር፤ በኢየሩሳሌም ያገኟቸው ወንድሞቻቸው ግን በዋዜማ የበራውን መብራት ሌሊቱን ያቈዩታል። ከኦሪቱ ፊደል ማን እንደ ራቀ ለቄሶቹ ግልጽ ነበር። ይሁን እንጂ የረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት፣ ለጋብቻ የሚመዘገቡት ጥርጣሬ እንዲወገድ አስቀድመው በውሃ ይጥለቁ አለ። በየወሩ ወንዝ ይወርዱ ለነበሩ ሰዎች ውሃው እንግዳ አልነበረም፤ ትእዛዙ ግን አባቶቻቸው ርስታቸውን ያጡበትን ጥምቀት መሰላቸው። በ1985 እ.ኤ.አ. መጸው በኢየሩሳሌም በጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ።

በአዲሱ አገር በፎቅ ቤት ጎጆ የሚተከልበት ዳር አልነበረም። ብዙ ሴቶች ሥርዐቱን ተዉት፤ አንዳንዶቹ ግን ቀናቸው ሲደርስ ከማድ ቤት ርቀው፣ ሳሕናቸውን ለይተው፣ በአንድ ክፍል ለብቻቸው መቀመጥን መርጠዋል።